ጥቁሯ የፀጉር አበባ

ወይዘሮ ቬልማ እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሳዩት በመስታወት ሣጥን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፀጉር ጉንጉን ነበር፤ ልጃቸውን የሚያሳዩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ጉንጉኑ ብዙ ይናገራሉ። ስለ ልጃቸው ግን «ኔዳ ትባላለች፣ በወረቀት ነው የመጣችልን» ብለው ያልፋሉ። ኔዳ በጨቅላነቷ የወሰዷት የማደጎ ልጅ ናት። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወረቀቱ ግን አላረጀም።

ጉንጉኑን የሠራችው ተርዛ ፔንሮድ ናት፤ በዚህ የነብራስካ ሜዳ የመጀመሪያውን ክረምት መሬት ቆፍራ ጉድጓድ ውስጥ ያሳለፈች፣ ከተማው በስሟ የሚምልባት ሰፋሪ። በዚያ ዘመን ሴቶች የቤተሰባቸውን ፀጉር ሰብስበው፣ በቀጭን ሽቦ እየጠመዘዙ አበባ ይሠሩበት ነበር። ለአንድ ሰው አንድ አበባ። የተርዛ ቤተሰብ አበቦች ሁሉ የደረሰ ገብስ ይመስላሉ፤ መሐል ላይ ግን አንዲት ጥቁር አበባ አለች። ወይዘሮ ቬልማ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው «ይቺ አያቴ አልሚራ ናት፣ የተርዛ የመጨረሻ ልጅ» ይላሉ። ከማሳየት ብዛት መስታወቱ እዚያ ቦታ ላይ ደብዝዟል።

ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ የሚቀበረው የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ዘር ብቻ ነው። የቀረው ሰው የሚቀበረው ታች፣ አውራ ጎዳናው ዳር ነው፤ ከብት የጫነ መኪና ሲያልፍ የመቃብሩ ድንጋይ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ማን ወደ ላይ ማን ወደ ታች እንደሚሄድ የሚወስነው የሰፋሪዎች ልጆች ማኅበር ነው፤ ማኅበሩን ሠላሳ ዓመት የመሩት ደግሞ ወይዘሮ ቬልማ ናቸው። ደንቡንም ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ በቤተሰቡ ጉንጉን ውስጥ የራሱ ወይም የወለዱት አያቶቹ ፀጉር ያልገባ ሰው የቤቱ ልጅ አይደለም። የአንጥረኛው ሚስት በጠና ታማ «ኮረብታው ላይ አሳርፉኝ» ብላ ደጃቸው መጥታ ስታለቅስ ብስኩት ሰጥተው ሸኝተዋታል። ኔዳም በልጅነቷ «እኔስ የት ነኝ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«አንቺማ ታች ነሽ» አሏት። «አይክፋሽ፣ ለመኪና ማቆሚያ ይመቻል።»

እሳቸው ሰማንያ አራት ሲሞላቸው ልባቸው ደከመ፤ ኮረብታው ላይም የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ማኅበሩ እንደ ማንም ሰው ማስረጃ ጠየቃቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው። ኔዳ ጉንጉኑን የከተማውን ሙዚየም ለምትጠብቀው ለላቮን ወስዳ እንድታስከፍተው፣ በመሳቢያ ተጠቅልሎ የኖረውን የአልሚራን ሹሩባም አብራ ወስዳ ከጥቁሯ አበባ ጋር እንድታስተያየው አዘዟት።

ላቮን የሣጥኑን ጀርባ በቢላ አላቀቀች። ጉንጉኑን ማንም ገልብጦት አያውቅም ነበር። ከእያንዳንዱ አበባ በስተጀርባ፣ ጨርቁ ላይ፣ የባለፀጉሩ ስም በክር ተጠልፏል። ላቮን ገብስማዎቹን አንድ በአንድ አነበበች፤ ባልና ሚስቱ፣ ከዚያም አራት ልጆቻቸው። ጥቁሯ ጋ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አደረገች።

«ቤስ ይላል» አለች።

በዚያ ከተማ ቤስን የማያውቅ የለም። የተርዛን ጋሪ እዚህ ድረስ የጎተተችው ጥቁር በቅሎ ናት። ኮረብታው ላይ የራሷ ድንጋይ አላት።

ኔዳ ሹሩባውን ከአበባዋ አጠገብ አስቀመጠችው። ሹሩባው ሐር ነው፤ አበባዋ እንደ መጥረጊያ ትወጋለች። አልሚራ የሚል ስም ጨርቁ ላይ የትም የለም። ላቮን ድምጿን ቀንሳ፣ በዚያ ዘመን ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ከምሥራቅ ከተሞች በባቡር ያመጧቸው እንደነበር፣ ገበሬዎቹም ጣቢያው ላይ ጡንቻቸውን እየዳበሱ ለሥራ ይመርጧቸው እንደነበር ነገረቻት። የሠራተኛ ፀጉር ደግሞ ጉንጉን ውስጥ አይገባም።

«በወረቀት ነው የመጣችው በያ» አለች ኔዳ።

«ይመስላል። ኔዳዬ፣ ልዝጋው። እሳቸው እንደሆኑ ከእንግዲህ ስንት ቀን አላቸው? ማን ገልብጦ ያያል?»

ኔዳ ሹሩባውን በጣቷ ስትዳብስ ቆየች። የሰባት ወይ የስምንት ዓመት ልጅ ፀጉር ነበር፤ አቆራረጡ የበግ ሽለታ ይመስላል።

«አትዝጊው» አለች።

የማኅበሩ ስብሰባ ቀን ኔዳ እናቷን አጠበች፣ አበጠረች፣ የጆሮ ጌጣቸውን አደረገችላቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አዳራሹ ውስጥ አስገባቻቸው። ወይዘሮ ቬልማ ሰላምታ የሰጡት ለሚመጥናቸው ሰው ብቻ ነው። ኔዳ ከጀርባው ስም እንደተጠለፈ ብቻ ነግራቸው ስለነበር፣ ጉንጉኑ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ «አንብቢላቸው፣ ከጥቁሯ ጀምሪ» አሉ።

ኔዳ ገልብጣ አነበበች።

ከፊት የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ «በቅሎዋ?» ብለው ጠየቁ፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ ጎረቤታቸው ጮኽ ብሎ ደገመላቸው። ላቮን ደንቡ ለዛሬ ብቻ ቢታለፍስ ብላ አሳብ አቀረበች። ከኋላ የአንጥረኛው ልጅ ተነሣ፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ በትሕትና፣ በእናቱ ጊዜ ደንቡ ታልፎ እንደነበር ጠየቀ። ሁሉም ወደ ወይዘሮ ቬልማ ዞሩ።

እሳቸው ኔዳን እያዩ «ደንብ ደንብ ነው» አሉ።

መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው የተናገሩት።

«ቀድመሽ ታውቂ ነበር።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ዝም ማለት ትችይ ነበር።»

«ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።»

ወይዘሮ ቬልማ በመስኮቱ ኮረብታውን አዩ። ከዚያም ኔዳ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ እሷም የምትቀበረው ታች ከሆነ ጎን ለጎን መሆን ይችሉ እንደሆነ ጠየቋት።

ኔዳ ጎንበስ ብላ የወንበሩን ቀበቶ አሰረችላቸው።

«ለመኪና ማቆሚያ ይመቻል» አለች።

የሞቱት መሬቱ በበረዶ ደርቆ ሳለ ስለነበር ጉድጓዱ የተቆፈረው በማሽን ነው። ቀባሪው እንደ አገሩ ወግ ለመታሰቢያ ከፀጉራቸው ትንሽ ይቁረጥ እንደሆነ ኔዳን ጠየቃት። አያስፈልግም አለችው። የአልሚራ ሹሩባ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

አፈሩ ገብቶ ሲያልቅ ከብት የጫነ መኪና አለፈ። የእሳቸው ድንጋይ ገና ስላልቆመ እዚያ ላይ የተንቀጠቀጠ ነገር አልነበረም።