ከሁለቱ ፍላሾች አንዱ

ሊፍቱ ሲቆም መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ያሳፍራል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ጋሽ ጃራን «ምድር ቤት ከኔ የተሻለ ባለሙያ አለ» ብዬ ከሱቄ ይዣቸው ስወርድ ነው መብራቱ የጠፋው። ምድር ቤት ምንም ባለሙያ የለም። ውሸቴ ሊጋለጥ ሦስት ፎቅ ሲቀረው ጨለማው ገላገለኝ።

2006 ዓ.ም. ነው። ቦሌ በየሳምንቱ ሕንፃ ይመረቃል። የኛም መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ሊፍቱ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ሰው ውጦ ይቀመጣል። ጥበቃው ዋቅቶላ ከውጭ ተጣራ።

«ማነው ውስጥ ያለው?»

«ሊባን ነኝ፣ የኮምፒውተር ጥገናው። አንድ ትልቅ ሰውም አብረውኝ አሉ።»

«ጄኔሬተሩ ናፍጣ ጨርሷል። ሊያመጡ ሄደዋል፤ ታገሡ።»

ታገሡ ማለት ቦሌ ላይ ከአሥር ደቂቃ እስከ ምሳ ሰዓት ነው።

ጋሽ ጃራ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጎሮ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን ማሳ በነበረበት ጊዜ እዚያው የተወለዱ። ስድስት ዓመት ሙሉ ላፕቶፓቸውን ይዘው ከሽማግሌ ሽማግሌ እየዞሩ፣ ማን የት ይኖር እንደነበር፣ የትኛው ማሳ በምን ስም ይጠራ እንደነበር፣ ምንጩና መቃብሩ የት እንደነበር እየጠየቁ ጽፈዋል። ከነገሯቸው አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አሥራ አራቱ ሞተዋል። ይህን የነገሩኝ ላፕቶፑን ያመጡ ዕለት ነው። በየአምስት ደቂቃው ስክሪኑ ሰማያዊ እየሆነ ይጠፋ ነበር። ሦስት ጠጋኞች ጋ ሄደው ሦስቱም «ፎርማት» ስላሏቸው ዕቃቸውን ነጥቀው ወጥተዋል። ያኔ ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነበር፤ ውስጡን ጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን። እኔ ግን «ጽሑፍዎን ሳልገለብጥ አልነካውም» አልኳቸው። አመኑኝ።

ገለበጥኩ። ማለቴ፣ የገለበጥኩ መሰለኝ። ትናንት ግልበጣው መሃል ላይ እያለ ሰማያዊ ሆኖ ጠፋ። መልሼ ሳበራው የራሴ ሃርድ ዲስክ ላይ «ጎሮ» የሚል ፎልደር አየሁ። አልቋል አልኩና ከፍቼ ሳላይ ላፕቶፑን ፎርማት አደረግሁት፤ መጥፋቱን ግን አልተወም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አላገኘሁም። ፎልደሩ ባዶ ነበር።

ሊፍቱ ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሙቀቱ ከወዲሁ ያፍናል።

«ከተቀመጥን አይቀር ላፕቶፑን አንተው ክፈተው እስቲ» አሉ። «ታች ያለው ሰውዬ ከሚያየው አንተ ብታየው ይሻለኛል።»

ምን ልበል? ባትሪው ሠላሳ ከመቶ አለው። የቁልፍ መያዣዬ ላይ ሁለት ፍላሽ አለ፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ። ጋሽ ጃራ መምህርነት አለቀቃቸውምና የሁለቱን ልዩነት ጠየቁኝ። እኔም ሞኙ አስረዳሁ።

«ነጩ ላይ ሊኑክስ የሚባል እንደ ዊንዶውስ ያለ ሙሉ ሲስተም አለ። ኮምፒውተሩ የራሱን ዊንዶውስ ትቶ ከፍላሹ ይነሳል፤ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ውስጡ ምን እንዳለ ያሳያል። ቀዩ ትንሽ ነው። ሚሞሪውን ብቻ ይፈትሻል፤ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም።»

«ታዲያ የትኛው ይቅደም?»

ሌላ ቀን ቢሆን ነጩን ነበር የምለው። የደንበኛ ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ መጀመሪያ በሱ አይቶ ጽሑፉን ማዳን ነው ወጉ። ትናንትም መሰካት የነበረበት እሱ ነበር፤ ሰነፍኩ እንጂ።

«ቀዩ» አልኩ። «ባትሪ ይቆጥባል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ፍተሻው ተጀመረና ቁጥሮች መሮጥ ጀመሩ። ከስክሪኑ ሌላ ብርሃን የለም። ጋሽ ጃራ የማይገባቸውን ቁጥር አንገታቸውን አስግገው ይከታተላሉ፤ እኔ ባትሪው እንዲያልቅ እጸልያለሁ። ዋቅቶላ «መገናኛ ደርሰዋል፣ መንገዱ ተዘግቶባቸው ነው» ብሎ ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ትንሽ ቆይቶ የስክሪኑ ግማሽ ቀላ።

«መጥፎ ነው?»

«ሚሞሪው ነው የተበላሸው» አልኩ። ጣት የምታህል ቁራጭ፣ ነቅለህ በሌላ የምትተካት። ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ፣ ዊንዶውሱም ጤነኛ ነበር። ፎርማት የሚያስፈልገው ምንም ነገር አልነበረም።

ጋሽ ጃራ ሳቁና ጉልበቴን መታ አደረጉኝ። «እንግዲያው ጽሑፌ ደህና ነው ማለት ነዋ። ተመስገን። ለአቶ ቢቂላ ልደውል። ከቀሩት ከአምስቱ አንዱ ናቸው፤ ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው። ሳልሞት አንብብልኝ እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተውኛል።»

ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሩን ፈለጉ። ስልኩን በእጄ ሸፈንኩት።

«አይደውሉ ጋሽ ጃራ። ትናንት ፎርማት አድርጌዋለሁ። የገለበጥኩት መስሎኝ ነበር፤ አልተገለበጠም። ታች ያልኩዎት ባለሙያም የለም።»

ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ቀይ መስመሮቹ መጨመራቸውን አልተዉም።

«ነጩን ስካው» አሉ።

ሰካሁት። ቀስ እያለ ተነሳ። ሃርድ ዲስኩን ከፈትኩላቸው። የትናንት ቀን የተጻፈባቸው የዊንዶውስ ፎልደሮች አሉ፤ ሌላ የለም። በጣታቸው ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ተከተሉ፤ ደግመው ከላይ ጀመሩ።

«የተጠረገ ሁሉ ወዲያው አይጠፋም» አልኩ። «ዊንዶውሱ ያልተጫነበት ቦታ ላይ የቀረ ካለ ፈልጌ ጥቂት ላወጣ እችላለሁ። ቃል ግን አልገባም።»

«የትናንቱ ስህተት ነው» አሉ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። «ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ስህተት አውቃለሁ። ዛሬ ግን የትኛው ይቅደም ብዬ ስጠይቅህ፣ አውቀህ የማያሳየውን መረጥክልኝ።»

ያ ደስ ያለኝ ሊፍት ያን ጊዜ ጠበበኝ፤ ግድግዳውን ጥሼ ብወጣ ወደድኩ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ የኔም ይሰማቸዋል።

ከበላያችን ብረት ሲጢጥ አለና የአራተኛው ፎቅ በር በእጅ ተከፈተ። የፎቁ ወለል ደረቴ ጋ ነው። ዋቅቶላ ተንበርክኮ እጁን ወደ ታች ዘረጋ።

«ናፍጣው የሚመጣ አይመስልም። እንዳይሰበር መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አቀብሉኝ።»

«እሱ ይቅር» አሉ ጋሽ ጃራ። «እኔን አውጣኝ።»

እንዲረገጡበት ሁለት መዳፌን አጣምሬ ዝቅ አልኩ። አልረገጡትም። ጉልበታቸውን በሊፍቱ ግድግዳ እየደገፉ፣ ዋቅቶላ ብብታቸውን ይዞ እየጎተተ፣ በመከራ ወጡ። ኮታቸውን አራግፈው ወደ ደረጃው ሄዱ።

«አንተስ ሊባን?» አለ ዋቅቶላ።

ላፕቶፑን ታቅፌ ነበር። ጋሽ ጃራ ደረጃውን ወርደው እስኪጨርሱ አልወጣሁም።