ሊቀመንበሯና ሁለቱ ድስቶች

«ሴቶች ወደ አመራር!» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል። ጽሑፉን ጠልቼው አይደለም። መካነ ሰላም አሥረኛ ክፍል ስማር ይኸው ጽሑፍ በቀይ ጨርቅ ላይ ተጽፎ በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። በተሰቀለበት ቀን እኔ፣ ሴቷ አመራር፣ ሽንኩርት እንድልጥ ታዝዤ ነበር።

በ1996 መጀመሪያ ላይ መምህርት እሌኒ የምትባል አዲስ አስተማሪ ተመድባ መጣችና የኑሮ ዘዴ ክበብ አቋቋመች። ስለ ምግብ አዘገጃጀት፣ ስለ ሕፃናት አያያዝ፣ ስለ ስፌትና ስለ ጥልፍ እንማማራለን አለችን። ክበቡን የምትመሩት ግን እናንተው ናችሁ፤ ሊቀመንበር ትመርጣላችሁ፤ እንግዳ በመጣ ጊዜ ሊቀመንበሩ ቆሞ በክበቡ ስም ይናገራል አለች። እኔን የሳበኝ ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። ወጥ መሥራትማ እቤቴም ሞልቶኛል።

የምናገረው ነገር ነበረኛ። የሴቶች ሽንት ቤታችን በር አልነበረውም።

በሩ አርጅቶ የወደቀ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ዓመት እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ለመድረኩ የሚሆን ረጅም ጠረጴዛ ጠፋ። ዳይሬክተራችን አቶ ቢተው የሴቶቹን በር አስነቀሉና በሁለት ዴስኮች ላይ አጋደሙት። ጥሩ የጣውላ በር ነበር፣ ለጠረጴዛ ተመቸ። «ለጊዜው ነው» ተባለ። እንግዶቹ መጥተው ሄዱ፣ በሩ ግን እዚያው መድረክ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንዳችን ስንገባ ሌላችን ነጠላ ዘርግተን እንቆማለን። የመካነ ሰላምን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ነጠላ በር አይሆንም። ወንዶቹ ከኳስ ሜዳው ሆነው ያፏጫሉ። ከገጠር የሚመጡት ልጆች ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ ይውሉ ነበር። የወር አበባቸው ሲመጣ ከትምህርት የሚቀሩ ነበሩ፤ ቀርተው በዚያው የቀሩም አሉ። ይህ ሁሉ ለአንድ ጠረጴዛ!

ክበቡ ውስጥ ለመግባት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። አባቴ ሸህ ሱሌማን ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ከደረሶቻቸው፣ ከቁርአን ተማሪዎቻቸው ጋር ውለው የሚያመሹ ሰው ናቸው። እንደሚከለክሉኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ከወንዱ ከሴቱ ተቀላቅለሽ ምን ልትሠሪ ነው ቀመር?» አሉኝ።

«ልመረጥ ነው አባባ። ከተመረጥኩ እንግዳ ፊት ቆሜ እናገራለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

ስለ በሩ ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያየሁ ነው የነገርኳቸው፤ ከአባት ጋር የሚወራ ነገር አይደለም።

«አስተግፊሩላህ! የሴት ልጅን ሐያ፣ ዕፍረቷን የሚጠብቅ በር ነቅለው ጠረጴዛ አደረጉት?» አሉ። «ሂጂ ግቢ። ወላሂ ግን ገብተሽ ሳትናገሪ ብትቀሪ የምጠይቅሽ እኔ ነኝ።»

ገባሁ፣ ተመረጥኩም። ከገቡት ጥቂት ወንዶች መካከል ምናለ የሚባል የክፍላችን ልጅ ምክትሌ ሆነ። ምናለ ክፉ ልጅ አልነበረም። በመጀመሪያው ስብሰባ እጁን አውጥቶ የጠየቀው ጥያቄ «የሠራነውን የምንበላው እኛው ነን?» የሚል ነበር። ሁላችንም ሳቅንለት።

የክበባችን የመጀመሪያ ሥራ ምን ሆነ መሰላችሁ? አቶ ቢተው ለመድረኩ ጠረጴዛ የጠረጴዛ ልብስ እንድንጠልፍ አዘዙ። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ የምትቀመጠው ብርሀንነሽ በጥልፍ የሚያህላት አልነበረም፤ በነጩ ጨርቅ ዳር ዳር አደይ አበባ አሰፈረችበት። አንድ ከሰዓት በኋላ መርፌዋን አቁማ አየችኝ።

«ቀመር፣ ለበራችን እኮ ነው ልብስ የምንጠልፍለት» አለችኝ። ሳቅ አልመጣልኝም፤ ለእሷም አልመጣላትም።

ሚያዝያ ላይ ከደሴ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። የሴት ተማሪዎችን ተሳትፎ ሊያዩ ነው ተባለ። ሪፖርቱን ጻፍኩ። ለእናቶች ስላሳየነው የሕፃናት ገንፎ፣ ስለ ስፌቱ፣ ከታች ደግሞ ስለ በሩ። አቶ ቢተው አስቀድመው እንዲያዩት ወሰድኩላቸው። እያነበቡ ራሳቸውን እየነቀነቁ መጡ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መነቅነቁ ቆመ።

«ይሄን የገበና ወሬ እንግዳ ፊት ልታወሪ ነው?»

«ችግራችን ነው ጋሼ።»

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ ክበቡን ሰበሰቡና ሪፖርቱን የሚያቀርበው ምናለ ነው አሉ። እኔ ለምሳው እፈለጋለሁ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ወግ መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ድግስ ሲጠራ ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንዱን እስላም ያርደዋል፣ አንዱን ክርስቲያን። ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ ነው፤ የሚታመን ሰውም ከየድስቱ አጠገብ ይቆማል። ማንም በዚህ አይቀየምም፣ መከባበር ነው። እኔም እወደዋለሁ። ያንገበገበኝ ይህን የመሰለ ደግ ወግ አምጥተው አፌን ሊከድኑበት መሆኑ ነው።

«ከእንግዶቹ እስላሞች አሉ» አሉ አቶ ቢተው። «የእስላሙን ድስት ማን ይያዝ?»

«ኑርጃን አለች፣ ሌሎቹም አሉ» አልኩ።

«ሰው የሚያምነው የሸህ ሱሌማንን ልጅ ነው። ለአባትሽም ክብር ነው።»

በአባቴ ስም! ደሜ ፈላ። ምናለ ወረቀቴን ይዞ ቆሟል፤ የታችኛው አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ዐይኔን ላለማየት ወረቀቱን ያገላብጣል። መምህርት እሌኒም መስኮት መስኮት ታያለች።

ከአዳራሹ ስንወጣ ብርሀንነሽን ያዝኳት። የክርስቲያኑ ድስት ለእሷ ነበር የተሰጠው።

«ስጋ ባይኖርስ?» አልኳት።

«እንዴት ባይኖር?»

«ምስር ወጥ ብንሠራ አንድ ድስት ይበቃል። ጠባቂም አይፈልግም። ማንም ይበላዋል።»

ብርሀንነሽ ትንሽ አሰበችና ፈገግ አለች። «ሁላችንም አዳራሽ እንገባለን ማለት ነው» አለች።

በነጋታው፣ እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን፣ ገና ጠዋት ከየቤታችን ያመጣነውን ምስር ጣድን። ወረፋ ይዘን አማሰልን፣ ድስቱን አወጣን፣ እንጀራውን ደርድረን ሸፈንን፣ እጃችንን ታጠብን። ሁለቱ በጎች ከአጥሩ ስር ታስረው ሣር ይግጣሉ። የሚያርዱት ሰዎች ሲመጡ ብርሀንነሽ ፊቷን ሳታጥፍ «ዛሬ ቀርቷል» ብላ መለሰቻቸው። አንዱ አባቴ ነበሩ። አዩኝ፣ በጎቹን አዩ፣ ቢላቸውን ወደ አፎቱ መልሰው ሄዱ። ከዚያ ነጭ ሽርጣችንን እንደታጠቅን አዳራሽ ገብተን ከፊት ተቀመጥን። አቶ ቢተው ከመድረክ ላይ ሆነው በዐይናቸው ውጡ ውጡ ይሉናል። እኛ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀይ ጨርቅ እናነባለን።

ምናለ አነበበ። «የሴቶች ተሳትፎ መቶ በመቶ ደርሷል» ሲል አንደኛው በግ ከውጭ ጮኸ። ተማሪው ሳቁን ዋጠ። ሲጨርስ ተጨበጨበና ከእንግዶቹ መካከል ያለችው ሴት፣ ከሁሉም የበላይ የምትመስለው፣ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አቶ ቢተው «ምሳ ደርሷል» ብለው ብድግ አሉ። እኔም ብድግ አልኩ።

«የክበቡ ሊቀመንበር እኔ ነኝ። ቀመር ሱሌማን እባላለሁ» አልኩ። «የሴቶች ሽንት ቤታችን በር የለውም። ሴቶች ልጆች በዚህ ምክንያት ትምህርት ያቋርጣሉ።»

«በሩስ የት ሄደ?» አለች ሴትዮዋ።

አፌን ሞልቼ ልነግራት ነበር፣ ከመናገር ማሳየት ቀለለኝ። መድረኩ ላይ ወጣሁና ከእንግዶቹ ፊት የጠለፍነውን ልብስ ከነአደይ አበባው ገለጥኩት። ማጠፊያው ከነብሎኑ ዳሩ ላይ አለ። መቀርቀሪያውም አለ። ከመቀርቀሪያው በላይ አንዷ ተማሪ በሚስማር የጫረችው «ቶሎ ውጪ» የሚል ጽሑፍ በደንብ ይነበባል። እንግዶቹ ክርናቸውን ከላዩ አነሱ። አንደኛው የሚጠጣውን ለስላሳ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

ሴትዮዋ አቶ ቢተውን አየቻቸው። «በአስቸኳይ» አለች። ቀጥሎ ወደ ምሳው ሄድን፤ ምስሩን ያዩ እንግዶች ወደ በጎቹና ወደ ትሪው እያፈራረቁ ሲያዩ ቆዩ። አንዱ ሰውዬማ ዐይን አውጥቶ «ስጋ የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ በሩ ግን አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ ክበቡ ለግምገማ ተጠራ። በዚያ ዘመን የማይገመገም ነገር አልነበረም። አቶ ቢተው ቆመው ጥፋቴን ተናገሩ። ትምህርት ቤቱን አዋርጃለሁ። እንግዳ አላከበርኩም። እስላምና ክርስቲያን ተከባብሮ የሚበላበትን ወግም ጥሻለሁ። ልብ በሉ፣ ሁሉም በአንድ ትሪ የበላበትን ቀን ነው እንዲህ ያሉት!

«ሂስሽን ትውጫለሽ?» አሉኝ።

«የምውጠው የለኝም» አልኩ።

«ከሊቀመንበርነቷ ትነሳ የምትሉ።»

መጀመሪያ ወንዶቹ እጃቸውን አወጡ። ከዚያ ሴቶቹ፣ ያው ነጠላ ሲዘረጉልኝ የኖሩት፣ መሬት እያዩ አንድ በአንድ አወጡ። አልፈርድባቸውም ልል እፈልጋለሁ፣ ግን እፈርድባቸዋለሁ። መምህርት እሌኒ እጇን እስከ ትከሻዋ ድረስ ብቻ አነሳች። ያቺ ግማሽ እጅ ከሁሉም በላይ አመመችኝ። ብርሀንነሽ ብቻ ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ አቶ ቢተውን ፊት ለፊት ታያቸው ነበር። ምናለ ሊቀመንበር ሆነ።

በሩ ግን መጣ። ግንቦት ሳያልቅ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ የሆነ፣ የሚያምር የቆርቆሮ በር ተተከለ። ልሳቅ ይሁን ላልቅስ ሳላውቅ ቆሜ አየሁት። ከላዩ በነጭ ቀለም እንዲህ ተጽፎበታል፦ «በኑሮ ዘዴ ክበብ ሊቀመንበር ተማሪ ምናለ ጥረት የተሠራ»። በሩ ተቆልፎ ቁልፉ አቶ ቢተው ኪስ ገባ። እስኪመረቅ ድረስ እንዳይገባበት ተባለ። የሚመርቁት እነዚያው የደሴ እንግዶች ናቸው። እኛም እስከዚያው ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ሜዳ ላይ፣ ነጠላ መዘርጋታችንን ቀጠልን።

ከምረቃው በፊት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እቤታችን መጣ። ሸህ ሱሌማን በጉን እንዲያርዱ፣ ቀመርም ድስቱን እንድትይዝ ዳይሬክተሩ ለምነዋል አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

አባቴ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄን ከወንበሩ ስታወርዷት ከድስቱም አውርዳችኋታል» አሉት። «ድስቱን ሊቀመንበራችሁ ይያዘው። ለበጉም ሌላ ሰው ፈልጉ፣ አብሽር በላቸው፣ አይጠፋም።»

ዘበኛው ሲሄድ ወደ ጓዳው ዞር አሉ። «አንቺ ግን ነገ ትምህርትሽ እንዳይቀር» አሉኝ።

አልቀረሁም። ስደርስ ሁሉም ተሰልፏል። ከበሩ ፊት በሁለት እንጨቶች መካከል ቀይ ሪባን ተወጥሯል፤ ቁልፉ ተከፍቷል፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ምናለ መቀስ የተቀመጠበት ሳህን ይዞ ቆሟል። አቶ ቢተው ስለ ሴቶች እኩልነት ይናገራሉ። ሴትዮዋ ሰዓቷን ታያለች። ቀኑ ደግሞ የወር አበባዬ የመጣበት፣ ለነጠላ በር የማይመች ቀን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ታግሼ ነበር፣ ከዚያ በላይ ለማን ብዬ ልታገስ?

ከሰልፉ ወጣሁ። ብርሀንነሽ ክንዴን የያዘችኝ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ደብተሬን ልትቀበለኝ ነው። በአቶ ቢተው ፊት አለፍኩ፣ በምናለ መቀስ ፊት አለፍኩ፣ ጎንበስ ብዬ ከሪባኑ ስር ሾለክሁና ገባሁ። በሩን ዘጋሁት። መቀርቀሪያው አዲስ ስለሆነ ትንሽ አስቸገረኝ፤ ገፋ ሳደርገው ገባ።

ውጭ ንግግሩ ተቋረጠ። ከዚያ የአቶ ቢተው ጣት ቆርቆሮውን አንኳኳ።

«ሰው አለ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

አንድ ጊዜ ሳቅ ፈነዳ፤ የብርሀንነሽን ሳቅ ከሁሉም ለየሁት። አቶ ቢተው ደግመው አንኳኩ። እኔም ጉዳዬን እስክጨርስ አልከፈትኩላቸውም።