ከሰባት ኪሎ የማይበልጥ መቀመጫ

«አሥራ ዘጠኝ ኪሎ» አለና ገዢው መቀመጫውን ከተንጠልጣዩ ሚዛን መንጠቆ አወረደው።

«እንዲያውም ቀሎልህ ነው!» አለ ባለሱቁ። ከፈራረሱ መኪኖች የወጡ መቀመጫዎችን ስለሚሸጥ የሰፈሩ ሰው «ሊቀመንበር» ይለዋል። «ይሄ እኮ የአለቃ መቀመጫ ነው። ሰው ሲቀመጥበት ድምፁ ራሱ ይወፍራል።»

«ከሰባት ኪሎ መብለጥ የለበትም።»

«ታዲያ ትራስ ግዛ።»

ሰውዬው አልሳቀም። ብረት በቶርኖ የሚቀርጽ ባለሙያ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» የሚሉት ብሎን እንኳ ሳይለካ ስለማያስር ነው። በግቢው ውስጥ በአሥራ አራት ወር የሠራት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሯ ደካማ ነው። ከተሳፋሪዎቹ ውጭ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ካለፈች ከቤታቸው በላይ ያለውን ዳገት አትወጣም። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ መዝኖ በደብተር ጽፏል። አሁን የቀራት ከሾፌሩ ጎን ያለው መቀመጫ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መቀመጫ ባለፈው እሑድ ማታ ነቅሎ ጥሎታል።

እሑድን ማሰብ አይፈልግም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም።

መኪናዋ የተሠራችው ለታላቅ እህቱ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። አምና ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ እግሯ አይታጠፍም፤ የምትሄደው በክራንች ነው። ባለታክሲዎች ከሩቅ ሲያዩዋት ነዳጅ ረግጠው ያልፋሉ። የምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ማሽኗን እስከ መጪው ሰኞ ብቻ ነው የሚያቆይላት። እሱም መኪናዋን እሑድ ወደ መንገድ አወጣና ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። እህቱ ጎንበስ ብላ ግማሽ አካሏን አስገባች። እግሯ በሩ ላይ ቀረ። ገፋት። አሁንም አልገባም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ትንሽ ብታጥፊው ምን አለበት!» ብሎ ጮኸባት።

እግሯ እንደማይታጠፍ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እሷ ግን ላቧን በእጇ ጠርጋ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሰው ፊት አዋረድኩህ» አለችው። ትናንት ደግሞ መቀሷን ከስፌት ቤቱ እንዲያመጣላት ለመነችው። ወደዚያ አልመለስም ማለቷ ነበር።

«ለማን ነው መቀመጫው?» አለ ሊቀመንበር።

«ለራሴ።» ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ጆሮው ጋለ።

ሊቀመንበር ከጥግ አንድ ታጣፊ መቀመጫ ጎተተ፤ በሚኒባስ በር አጠገብ ከሚገጠሙት ነው። ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። «በል ተቀመጥበት።»

ተቀመጠ። ሳያስበው ቀኝ እግሩን እንደ ዱላ ቀጥ አድርጎ ዘረጋ።

«ምነው፣ እግርህን አመመህ?»

«የእህቴ ነው።»

«እግሩ ነው ወይስ መቀመጫው?»

«ሁለቱም» አለ ሚሊሜትር አንገቱን ደፍቶ።

ሊቀመንበር ሳቁን ዋጠ። «ታዲያ እሷ ሳትቀመጥበት ልትገዛው ነው? ኮፍያ እንኳ ያለ ራስ አይለካም እኮ፣ ወንድሜ።»

መቀመጫውን ገዝቶ ቤት ሲደርስ እህቱን አልጠራትም። በአራት ብሎን መቀመጫውን አሰረ። ቀጥሎ እንደ ልማዱ የአሸዋውን ጆንያ ከግድግዳው ሥር ጎትቶ አስቀመጠበት። ጆንያው በሚገባ ተቀመጠ። እስከ ዛሬም በሚገባ ሳይቀመጥ የቀረበት ጊዜ የለም፤ አሸዋ በገፉት በኩል ይሄዳል።

ከኋላው የክራንች ድምፅ ሰማ። እህቱ ቆማ በጆንያው ላይ በጠመኔ የተጻፈውን ታነባለች፦ «እታለም፣ 58»።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ለሙከራ ነው፣ እታለም። ክብደቱን ለማየት...»

«ስልሳ አንድ ነኝ። ሦስት ኪሎ ሰርቀኸኛል።» ጆንያውን በክራንቿ ጫፍ ነካ አደረገችው። «ይሄን ስንት ጊዜ አስቀመጥከው?»

መዋሸት አልቻለም። «አርባ ሁለት ጊዜ።»

«እኔን አንድ ጊዜ። ያውም ሰው ሰብስበህ።»

የሚይዘው ነገር ፈልጎ ብሎን መፍቻውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። «ጥፋቱ የኔ ነው። እያወቅሁ ነው የጮህኩብሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ይቅርታ አልሽኝ?»

«ምን ልበል? ዓመት ሙሉ የደከምክበት ነው። ሰዉ ሲያይህ ፊትህ ልክ እንደ ሕፃንነትህ ሆነ። አሳዘንከኝ።»

በጥፊ ብትመታው ይሻለው ነበር።

«ስማ» አለች ድምፅዋን ለውጣ፤ ስፌት ቤት ደንበኛ ስታስተናግድ የምታወጣው ድምፅ ነው። «ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። አንድም ሰው ክብደቱን ጠይቄ አላውቅም። ክንድህን አንሳ፣ ዙር፣ ቁጭ በል ነው የምለው። ያንን ጆንያ አውርድና እኔን ለካ።»

ሜትሩን አወጣ። ጫፉን ዳሌዋ ላይ የያዘችው ራሷ ናት። እስከ ተረከዟ ዘጠና አንድ ሳንቲሜትር። ከመቀመጫው እስከ በሩ የፊት ጠርዝ ስልሳ ስምንት። በደብተሩ ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ ቁጥሮች አሉ። የእሷ የሆነው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የተሳሳተ።

ጀርባዋን ለመኪናዋ ሰጥታ ቀስ ብላ በአዲሱ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። እግሯ ውጭ ተዘርግቶ ቀረ።

«መቀመጫው ደህና ነው። ውስጡም ቦታ አለው» አለች። «የቸገረኝ መዞሪያ ነው። ያ ጠርዝ ባይኖር እዞር ነበር።»

ጠርዙ የበሩ ክፈፍ ነው። ያንን በር ከአንድ ላሜራ እየቀጠቀጠ ያወጣው በሁለት ወር ነው፤ ሦስት ጊዜ ቀይ ቀለም ቀብቶታል። እሑድ ዕለት ሰው ሁሉ የደባበሰው እሱን ነበር። ክፈፉ ከተቆረጠ በሩ የሚንጠለጠልበት አይኖረውም።

«ሌላ መላ ልፈልግ?» አለ፤ ድምፁ ለራሱም አሳፈረው።

«ወይ በሩ ይቆረጣል ወይ እግሬ። አንተ ምረጥ።» ከዚያ ለስለስ ብላ፣ «ነፋሱን የሚከልል ሸራ እኔ እሰፋለታለሁ» አለች።

በጠመኔ አሰመረ። የብረት መጋዙን አነሳና ከቀዩ ቀለም ላይ ጀመረ። ግማሽ እንደደረሰ የግቢው በር ተንኳኳ።

«ምነው ልጄ፣ ምን እየቆረጥክ ነው?» የጎረቤታቸው የጡረተኛው መምህር ድምፅ ነበር። «ያን የመሰለ መኪና! እህትህ አሁንም አልገባም አለች እንዴ?»

እህቱ ወደ ክራንቾቿ አቀረቀረች።

ሚሊሜትር መጋዙን አስቀመጠና ሄዶ ከእሑድ ጀምሮ በቀንም ጭምር የሚዘጋውን መቀርቀሪያ ሳበ። ከመምህሩ ኋላ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ቆመዋል። የግቢውን በር ሁለቱንም ክንፍ ከፈተው።

«ጋሼ፣ እሷ ምንም አላለችም» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «ሳልለካት አጥብቤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ይግቡና በሩን በዚያ በኩል ይያዙልኝ፣ እንዳይወድቅባት።»