ከፍራሹ ሥር

…ሁለት ሜትር ምን አላት፣ ከግድግዳው ውጪ መሬቱን ለካሁ፣ መዝገቡ ላይ ከውስጥ ብዬ ጻፍኩ፣ የመለኪያ ነጥብ አሥራ አራት፣ ከሥሩ ደህና ነው። ውሸታም። እኔ፣ ኬኔልዌ ውሸታሟ።

ምን ላድርግ፣ ነጥቡ ያረፈው እማማ ፑሌንግ የተቀመጡበት ፍራሽ ላይ ነው፣ ባላቸው ሞተውባቸው፣ የክፍሉ ዕቃ ወጥቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ወለል ላይ፣ እስከ ቀብሩ አይነሱም፣ ታዲያ ይሄን ሻንጣ የሚያህል መሣሪያ እየገፋሁ ገብቼ አንዴ ይነሱልኝ ልበል? እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች።

ሄኒ፣ አለቃዬ፣ ደወለ፣ የነጥብ አሥራ አራት ቁጥር ለምን ቁርጥ የአሥራ ሦስትን መሰለ አለኝ? መዝሙሩ ነው አልኩት፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። አመነኝ፣ ዕድሜውን ሙሉ በድሮው ባለስፕሪንግ መሣሪያ የለካ ሰው ነው፣ ያኛው ዶሮ ብታልፍም ይደነብራል። ይሄ ግን ኳንተም ነው፣ ሁለት የቀዘቀዘ የአቶም ጉም ላይና ታች ሆነው አብረው ይወድቃሉ፣ መንቀጥቀጡ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ይሰረዛል፣ የሚቀረው የመሬቱ ስበት ብቻ ነው፣ ከሥር ባዶ ካለ ቁጥሩ ይወርዳል። መዝሙር አይገደውም። ይሄን የማውቀው እኔ ነኝ።

እና አሁን ነጥብ አሥራ አምስት ስክሪኑ ላይ ቀይ ሆነ፣ ከሥሩ ባዶ ነው፣ እዚሁ ግቢው ውስጥ፣ ቀዩም ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። ዛሬ ዓርብ ነው። ከሰዓት አስከሬኑ ይመጣል፣ እዚያች ክፍል ያርፋል፣ መንደሩ በሙሉ ይታጨቅባታል። የጎረቤታቸው የዲኬሌዲ ኩሽና በጠራራ ፀሐይ ከነድስቱ ሰመጠ፣ አፈር በላው፣ ድስቱ እንኳ አልተገኘም። ፈራሁ። ለሥራዬ ነው የፈራሁት ወይስ ለእሳቸው?

ጫማዬን አወለቅሁ። በሩ። መዝሙሩ ቀጥ አለ። አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን በጨው ታጥበሻል እንዴ፣ አንዷ ለቀስተኛ ናት፣ ውጪልን! እማማ ፑሌንግ ግን ቀና አሉ። ተያት። ትናንት ከግድግዳዬ ጀርባ ስትርመጠመጪ ሰምቼሻለሁ፣ ምን አለ ማሽንሽ? እማማ፣ እዚህ አልለካሁም፣ ለካሁ ብዬ ዋሸሁ። እማማ ፑሌንግ እጃቸውን አወዛወዙ፣ እኔ አልነሳም፣ ፍራሹን ከነእኔ ጎትቱት።

ጎተቱት። እሳቸው አልተነሱም፣ ነጥቡ ተገለጠ። እንዘምር ወይስ ማሽንሽ ይረበሻል? ዘምሩ እማማ፣ አይገደውም። ይዘምራሉ፣ ጉሙ ይወድቃል፣ እንደገና፣ እንደገና፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ አይሆንም፣ ይወርዳል፣ እማማ ፑሌንግ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፣ እማማ፣ ፍራሹ ትንሽ ይጎተት፣ እስከ በሩ፣ ከበሩም ውጪ፣ ሁላችሁም፣ እንዳትሮጡ፣ ቀስ፣ ቀስ