የኮረኮንች መኪና አይሸጥም

ኮረኮንች የሚለውን ስም ያወጡለት ሾፌር ጓደኞቹ ናቸው። ሰውየው አስፋልት አይወድም። አስፋልት ላይ መንዳት ለእሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማንቀላፋት ነው። ሥራው ሁልጊዜ ወደ ላይኞቹ መንደሮች ነበር፤ ድንጋይና ጉድጓድ ወዳለበት፣ ሌላው ሾፌር «እሱስ ይቅርብኝ» ወደሚለው። ዱቄት ጭኗል፣ ቆርቆሮ ጭኗል፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኖም ደርሷል። እንዲህ ሲንገጫገጭ ኖሮ ኖሮ በመጨረሻ ወገቡ በቃኝ አለ።

ሐኪሙም አላቅማማም። የወገቡን ፎቶ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና፣ «አባቴ፣ ይሄ ወገብ ከእንግዲህ መንገጫገጭ አይችልም። መኪናውን ይተዉት፤ ቤትዎ ጠንካራ ሳንቃ ላይ በጀርባዎ ይተኙ» አለው።

ይሄን የሰማ የበኩር ልጁ እፎይ አለ። ልጁ ባለሱቅ ነው። ደግ ልጅ ነው፣ ማንም ክፉ አይለውም፤ ግን ደግነቱ ሰው ያንቃል። ሱቁ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው አጠገብ፣ ትራስ ያለው ወንበር አዘጋጅቶ መጣ።

«አባዬ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ሰው ሲገባ ሲወጣ ታያለህ። ሻይህ ካለህበት ይመጣልሃል። መኪናዋን የሚገዛ ሰው ደግሞ አግኝቻለሁ።»

«ማነው?»

«ብረታ ብረት የሚነግድ ነው።»

«ሊነዳት ነው ሊቆራርጣት?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። የኮረኮንች ደም ፈላ። «እኔንስ? እኔንስ በቁሜ ነው በኪሎ የምትሸጠኝ?» ብሎ ሊነሳ ሲል ወገቡ ያዘውና መልሶ ተቀመጠ። ያናደደው ይሄ ነው። ሰው ሲቆጣ እንኳ ብድግ ማለት ሲያቅተው ምን ይባላል?

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። የልብስ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ስታበስልም አንገቷ ላይ ነው፣ ስትቆጣም አንገቷ ላይ ነው። በዚህ ነገር ከልጇ ጎን ቆመች። ጠዋት ጠዋት የባሏን ጫማ የምታስረው እሷ ናት፤ ጎንበስ ማለት ሲያቅተው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለች።

«አትንዳ ማለቴ አይደለም፤ ቆመህ ሂድልኝ ነው የምልህ» አለችው።

«መኪናዋ አይደለችም የሰበረችኝ። ባሌስትራዋ ነው!»

እውነቱን ነው። ባሌስትራ ማለት ከጎማውና ከመኪናው አካል መሀል ተደራርቦ የሚቀመጠው ቅስት ብረት ነው፤ መንገዱ ሲመታ እሱ ነው ተለጥጦ ዱላውን የሚበላው። የኮረኮንች ግን ብዙ ጭነት ይችል ብሎ ባለፉት ዓመታት ብረት በብረት ላይ እየደረበበት፣ አልለጠጥም ብሎ ድርቅ ብሏል። ዱላውን ሁሉ የሚበላው ወገቡ ነበር።

«ሌላ እሠራላታለሁ። ለስላሳ፣ ረጅም፣ ድንጋይ ላይ ስትወጣ የማታንገጫግጭ አደርጋታለሁ።»

«ባታደርጋትስ?»

«ልጅሽ ይሽጣት። እኔም ወንበሩ ላይ እጎለታለሁ።»

ሴትየዋ ሰው አፉን ሞልቶ ስለተናገረ የምታምን አይደለችም። በእጇ ለክታ ነው የምታምነው። «እንግዲያው ሠርተህ ስትጨርስ ግማሽ ሳፋ ውሃ ጭኔ ላይ ይዤ አጠገብህ እቀመጣለሁ። በደረቁ ወንዝ ድንጋይ ላይ አሻግረህ ትመልሰኛለህ። ውሃው ከፈሰሰብኝ ትሸጣለች፤ ካልፈሰሰብኝ ማንም አይነካትም» አለች። ልጁም ሰማ፣ ተስማማ። እንደማይሆን ስለቆጠረው ነው የተስማማው።

ኮረኮንች መጀመሪያ ሐሳቡን ይዞ ጋራዥ ሄዶ ነበር። ሳቁበት። «ይሄ የፋብሪካ ሥራ ነው ጋሼ፣ በጓሮ አይሠራም» አሉት። «ፋብሪካውንስ የሠራው መልአክ ነው?» ብሎ ጥሏቸው ወጣ። ከዚያ በኋላ ግቢው ጋራዥ ሆነ። ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ተነሳ፣ በውሃ ገንዳው ቦታ ብረት መጥፈሪያ ሞርሳ ተተከለ፣ የብየዳው ገመድ በሳሎኑ መስኮት ወጣ። መኪናዋን በክሪክ አነሳት፤ ከሥሯም ወፋፍራም ግንድ አስገብቶ አስተኛት።

አንድ ቀን ባለቤቱ ከመኪናዋ ሥር ሁለት እግር ብቻ ወጥቶ አየች።

«አንተ ሰው፣ ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ጠንካራ ሳንቃ ላይ በጀርባህ ተኛ አለኝ» አለ ከሥር። «ይኸው ሳንቃው፣ ይኸው ጀርባዬ። ከላይህ ምን ይኑር ምን አይኑር አላለኝም።»

ልትቆጣ አስባ ሳቋ ቀደማት። ከሳቀች በኋላ ደግሞ መቆጣት አይሆንላትም፤ ቁጭ ብላ መፍቻ ማቀበል ጀመረች።

ከአሮጌ ብረት ተራ፣ ከሌላ መኪና የወለቀ ረጅምና ስስ ባሌስትራ መርጦ አምጥቶ ነበር። ረጅሙ ግን በድሮው ቦታ አይገባም። ስለዚህ ባሌስትራውን ሻንሲው ላይ፣ የመኪናዋ አጽም ላይ፣ የሚይዙትን ጆሮዎች በመፍጫ ቆርጦ መጣልና ራቅ አድርጎ ሌላ ጆሮ መበየድ ግድ ሆነ። ባሌስትራውን ራሱን እሳት አላስነካውም፤ እሳት የነካው ባሌስትራ መንገድ ላይ ለሁለት እንደሚከፈል ያውቃል። ጆሮዎቹን ግን ከወፍራም ላሜራ ቆረጠ፣ በሞርሳ ጠፍሮ በሊማ ሞረደ፣ በየደ። የመጀመሪያዎቹ ላያቸው ሲያዩት ያምራል። በመዶሻ ሲመታቸው ግን ተፈነቀሉ። ሰደባቸው፣ ጣላቸው፣ እንደገና ቆረጠ። ሁለተኛዎቹን በመዶሻ ሲመታ የተመታው የራሱ ክንድ ነው፤ ጆሮዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ባለቤቱ መዶሻውን ተቀብላ እሷም አንድ ሰጠቻቸው። ንቅንቅ የለም።

«ያዘ» አለች።

«ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር!» አለ፣ ላቡን እየጠረገ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ባሌስትራው ገባ፣ ቡሎኖቹ ጠበቁ፣ መኪናዋ ከግንዱ ወርዳ በጎማዋ ቆመች። ያኔ ባለቤቱ ጎንበስ ብላ ከፊት ጎማው ጀርባ አንድ ጥቁር ቱቦ በጣቷ ነካች።

«ይሄ ምንድነው?»

«የፍሬን ዘይት ወደ ጎማው የሚያደርስ ነው። አትንኪው።»

«አሁን ጎማው እንደ ድሮው አይደለም፣ ወደ ታች ይዘረጋል ብለሃል። ሲዘረጋ ይሄ ይደርሳል?»

«ይኸው እያየሽው! ተርፎት ተንጠልጥሏል።»

«ቆሞማ ለሁሉም ይተርፋል። እኔ እጅጌ ስለካ ሰውየውን ክንድህን ዘርጋ ነው የምለው።»

«ይሄ ኮት አይደለም፣ ሴትዮ! መኪና ነው!»

ምን ይደረግ፣ ሾፌር ነው። ለሾፌር ጎማ ማለት መሬት ላይ ያለ ነገር ነው፤ ዕድሜ ልኩን ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ አስቦ አያውቅም። እሷም አልጨቀጨቀችውም። ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካክላ ገባች።

የሙከራው ቀን ልጁ ብረት ነጋዴውን አስከትሎ መጣ። ነጋዴው መጎተቻ ሰንሰለት በትከሻው አንጠልጥሏል። ኮረኮንች ሰንሰለቱን አየና፣ «ቀብር የመጣህ መስሎሃል እንዴ?» አለው። «ለማንኛውም ብዬ ነው አባት» አለ ነጋዴው፤ ከበሩ አጠገብም ደገፍ ብሎ ቆመ።

ባለቤቱ ለራሷ የሰፋችውን የሐር ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ ጠብታ ከነካው በሩቁ የሚታወቅ ቀሚስ። ሳፋውን ግማሽ ድረስ ሞልታ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ ያዘች።

«ሞተሩን አስነሳ» አለች።

ወንዙ ከቤታቸው በላይ ነው። ውሃ የለውም፣ ድንጋይ ብቻ ነው፤ የከብት ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ። የፊት ጎማው የመጀመሪያው ላይ ሲወጣ ኮረኮንች ከልማዱ ጥርሱን ነከሰ፣ ወገቡ ዱላውን ጠበቀ። ዱላው አልመጣም። ጎማው ወጣ፣ ወረደ፤ መኪናዋ ከላይ ወገቧን ነቅነቅ አድርጋ አለፈች። ሁለተኛው ድንጋይ። ሦስተኛው። ሳፋው ውስጥ ውሃው ወዲህ ወዲያ እያለ ከጠርዙ በታች ይመለሳል።

«አየሽ?» አለ። «አየሽ ወይ?»

«ፊት ፊትህን እይ።»

ከማዶው ዳር አጠገብ ጉድጓድ ነበር። የግራው ጎማ ዘጭ ብሎ አልወደቀም፤ ቀስ ብሎ ተዘረጋ፣ ተዘረጋ፣ እስከ ታች ሄደ። በድሮው ባሌስትራ ቢሆን ወገቡ እዚያው ይቀር ነበር። አሁን ግን ለስለስ ብለው ወጡ። ኮረኮንች መኪናዋን በማዶው ዞር አድርጎ፣ ድንጋዩን መልሶ ተሻግሮ፣ ወደ ቤት በሚመልሰው ቁልቁለት አናት ላይ ደረሰና ፍሬን ረገጠ። እግሩ ወለሉን ነካ። ደግሞ ረገጠ። ባዶ።

ከታች፣ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ፣ ልጁና ነጋዴው በሩ ላይ ቆመው ይታያሉ።

«ፍሬን የለንም» አለ።

«እና?»

«እናማ ዝም በይ!»

«እኔ ዝም ብያለሁ። የምትጮኸው አንተ ነህ።»

ማርሽ በድንገት ቢቀንስ መኪናዋ ትነጥራለች፣ ውሃው ይደፋል፣ መኪናዋ ትሸጣለች። ባይቀንስ አጥሩን ይዘው ይገባሉ። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው የኮረኮንች መንገድ እግሩ ውስጥ ነበር፤ ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ያዘው። ሁለተኛ አስገባና እስኪይዝ ጠበቀ። ከዚያ አንደኛ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ አልነጠረችም። የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ ሳበ። በበሩ ፊት ሲያልፍ ልጁ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ አየው። ከበሩ ትንሽ አልፎ ወደ ላይ የሚወጣ ጠባብ መንገድ አለ፤ እዚያ አስገባት። ዳገቱ ራሱ ያዛት። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበና ማርሿን አስገብቶ ሞተሩን አጠፋ።

ልጁ እየሮጠ መጥቶ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። «ምን ሆናችሁ? ምን ሆነች?»

የፍሬኑን ነገር ደብቆ መውረድ ይችል ነበር። አላደረገውም። «ፍሬኑ ሄዷል» አለ ኮረኮንች፣ ወርዶ ከፊት ጎማው ጀርባ የተበጠሰውን ጥቁር ቱቦ እየጠቆመ። «ጎማው ሲዘረጋ አጠረ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አባዬ፣ እማዬን ልትገድላት ነበር እኮ! በቃ፣ አለቀ!» አለ ልጁ። ነጋዴው ሰንሰለቱን ከትከሻው አወረደ።

ባለቤቱ በዚያኛው በር ወረደች። ሳፋውን እንደያዘች ዞራ መጥታ ባሏ ፊት ቆመች። ሁሉም ቀሚሱን አዩ። ከአንገት እስከ ጫፍ ደረቅ ነው። እሷ ግን ቀሚሷን አላየችም፤ ባሏን ዓይን ዓይኑን እያየች ሳፋውን ከፍ አደረገችና ግማሽ ሳፋ ውሃ ራሱ ላይ ገለበጠችበት።

«ይሄ ለእጅጌው ነው» አለች።

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ውላችን ውሃው ከፈሰሰብኝ ነበር። ና ንካው። ፈሶብኛል?»

«እማዬ፣ ፍሬኑ...»

«ፍሬን ይሠራል። ፍሬንማ ሠራተኛ አያጣም። እኔ የፈራሁት ወገቡን ነበር፤ ይኸው ወንዝ ተሻግሮ፣ ወንዝ ተመልሶ፣ ማንም ሳይደግፈው ወርዶ ቆሟል።» ነጋዴውን በዓይኗ ከራሱ እስከ ሰንሰለቱ ለካችው። «አንተም ወንድሜ፣ ሰንሰለትህን ሰብስብ። እዚህ የሚጎተት የለም።»

ነጋዴው ልጁን አየ፣ ልጁ መሬቱን አየ። ሰንሰለቱ ወደ ትከሻው ተመለሰ።

«ያንን የሱቅህን ወንበር ደግሞ አምጣው» አለችው ልጇን፣ አሁን ለስለስ ብላ። «ትራሱን እፈልገዋለሁ። የመኪናዋ መቀመጫ ይቆረቁራል፤ ከእንግዲህ አብሬው ነው የምወጣው።»

ሜትሩን ከአንገቷ ሳበችና በሁለት እጇ ወጠረችው። «ምን ትገተርብኛለህ?» አለችው ባሏን። «ክሪኩን አምጣና አንሳልኝ። ጎማው ይንጠልጠል፣ እስከ መጨረሻው ይዘርጋ። የምለካው እኔ ነኝ።»

ኮረኮንች ውሃው ከጢሙ እየተንጠባጠበ፣ እየሳቀ፣ ክሪኩን ሊያመጣ ወደ ግቢው ሄደ።