ከኋላ ወንበር የሚሰማው ንዝረት

ዓሊ አዲሷን ፒካፕ ከአዲስ አበባ ባመጣ ሰሞን፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ወሬዋን ያልሰማ ጆሮ አልነበረም። የባሮ አዞዎች እንኳ ሰምተዋል። ቆርቆሮና ሚስማር በሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ገትሯት፣ «ኮፈኗ ላይ ሻይ አስቀምጠህ መቱ ድረስ ብትነዳት ጠብታ አይፈስም!» ሲል፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ሥራ ፈትተው ያዳምጡት ነበር።

ያቺ እንዲህ የተባለላት መኪና ታዲያ መንዘር ጀመረች። በጣም ትንሽ ነው። ከስልሳ በላይ ሲነዳት ሆዷ ውስጥ ንብ የገባ ይመስል ትነዝራለች፤ ፍጥነቱን ሲቀንስ ዝም ትላለች። ዓሊ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከባጃጅ ኋላ እየተንፏቀቀ፣ «ምነው ቀስ አልክ?» ሲሉት «ሕዝቡ ጠግቦ ይያት ብዬ ነዋ!» ይላል። ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው ሚስቱ ሪድዋና «ምንድን ነው የሚነዝረኝ?» ብትለው «መንገዱ ነው» ብሎ ዘጋት።

ዛሬ ግን ነገሩ በዚህ የሚዘጋ አልሆነም።

ሪድዋና የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም ሳይወለዱ ቀርተዋል። ጎህ ሲቀድ ደም አየች፤ ዓሊ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ የልጁን የልብ ምት አዳምጦ «ልጁ ደህና ነው፤ ደሙም ለጊዜው ቆሟል» አለ። «ግን ዛሬውኑ መቱ ሆስፒታል ትድረስ። መንገድ ላይ ደግሞ እንዳትንገጫገጭ።» አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወደ ኢታንግ ወጥቷል። የጎረቤቱ የአስማረ ላንድክሩዘር ቡና ሊጭን ወደ ገጠር ወጥቷል። የቀረችው ፒካፗ ብቻ ናት።

ዓሊ ሚስቱን ከኋላ ወንበር ላይ በትራስ ደግፎ አስተኛትና በቀጥታ ወደ ኦጅዋክ ጋራዥ ነዳ። ኦጅዋክ እዚሁ ተወልዶ ያደገ መካኒክ ነው፤ የሞተ ሞተር በጩኸቱ ብቻ የሚያስነሳ ሰው።

«ኦጅዋክ ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ስማኝ። መኪናዋ ትንሽ...»

«ምን ሆነች? ሻዩ ፈሰሰ?» ብሎ ሰፈሩን አናጋው።

«አሁን ቀልድ የለም! ሪድዋና ከኋላ ተኝታለች። መቱ መድረስ አለባት። መኪናዋ ትነዝራለች። ተራራው ላይ ጎማ ቢወልቅብኝስ?»

ኦጅዋክ በመስኮቱ አጮልቆ ሪድዋናን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «አይዞሽ እህቴ» አላትና ወደ ዓሊ ዞረ። «የት ነው የሚነዝረው? መሪው ላይ ነው?»

ዓሊ ጭንቀት ይዞታል። ነገሩን ትንሽ ነው ካለ ኦጅዋክ እጁን አጣጥፎ ሻይ የሚያዝ መሰለው። «መሪው ላይ ነው ትለኛለህ? እጄን ከትከሻዬ ሊነቅለው! ጥርሴ እኮ ረግፎ ሊያልቅ ነው!»

«እንደዚህ ከሆነማ የፊት ጎማ ነው» አለ ኦጅዋክና ክሪኩን ጎተተ።

የፊት ጎማዎቹ ወለቁ። አጠገቡ ያለው ጎሚስታ ባላንሳቸውን ለካ፣ አስተካከለ፤ ብሎኖቹ ተፈትተው ጠበቁ። ፀሐይዋ ወጥታ ቆርቆሮ ጣሪያውን እንደ ምጣድ አጋለችው። ዓሊ መኪናዋን እየዞረ ያልበዋል፤ ቢጨመቅ ባሮን ይሞላል። ሪድዋና ውሃ ጠየቀች፤ ሮጦ አመጣላት።

ሲያልቅ ወደ ኤርፖርት በሚወስደው አስፋልት ወጡ። ዓሊ ይነዳል፣ ኦጅዋክ አጠገቡ ነው። ሰባ ሲገባ ያቺ ንብ ተመለሰች።

«ያ ረቢ!» አለ ዓሊ።

«ማርሹን ነፃ አድርግና ልቀቃት» አለ ኦጅዋክ። የሞተሩ ድምፅ ረገበ፣ መኪናዋ በራሷ ተንሸራተተች፣ ንዝረቱ ግን አልተወም። «ሞተሩ አይደለም። ቢሆን ኖሮ አብሮት ዝም ባለ ነበር።» ከዚያ ዓይኑ የዓሊ እጆች ላይ ቀረ። «ዓሊ፣ መሪህ እኮ እንደ መስጊድ ምሰሶ ቀጥ ብሏል። የታል እጅ የሚነቅለው?»

ዓሊ መስተዋቱን ማስተካከል ጀመረ።

«መሪው መቼ ነዝሮ ያውቃል?» አለች ሪድዋና ከኋላ፣ በደከመ ድምፅ። «የሚነዝረው እኔን ነው። ስንት ጊዜ ነገርኩት።»

«የት ጋ ነው የሚነዝርሽ እህቴ?»

«ከወገቤ ሥር፣ መሃል ላይ።»

«አቁም!» አለ ኦጅዋክ። «በወሬህ የፊት ጎማ ስፈታ አረፈድኩ። እሷን ጠይቀን ቢሆን ይሄኔ ቡሬ ነበርን።»

መንገድ ዳር ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የናይለን መረብ ተጠምጥሟል፤ ጭቃና ሣር አብሮት ደርቆ የቡጢ ያህል ጓል ሆኗል። ዓሊ ጎንበስ ብሎ ሲያየው መረቡን አወቀው። ባሮ ዳር መኪናዋን ሲያጥብ፣ የዓሣ አጥማጁን የኦሞትን የተከመረ መረብ «ከሥሯ በሬ ያልፋል!» እያለ በላዩ ላይ ነድቶበት ነበር።

ኦጅዋክ በቢላዋ እየቆረጠ አወጣው። «ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘውን ላስቲክ መብላት ጀምሯል፤ ይኸው ያዣል። ተራራው መሃል ዘይቱ አልቆ ቀጥ ባደረገህ ነበር። ዘይት ይዣለሁ፣ እጨምርበታለሁ። አብሬያችሁም እሄዳለሁ፣ እየቆምን እናየዋለን።»

አዙረው የመቱን መንገድ ያዙ። ሰባ ገባ፣ ሰማንያ ገባ። ፒካፗ ዝም አለች፤ ዓሊ ሲፎክርላት እንኳ እንዲህ ዝም ብላ አታውቅም። ሪድዋና ግን ድንገት ማልቀስ ጀመረች።

«አመመሽ? ደሙ ነው?»

«አስፋልት ላይ ከወጣን ጀምሮ ልጁ እየተንቀሳቀሰ መስሎኝ ነበር። የመኪናው ንዝረት ነበር እንዴ? አሁን ምንም የለም ዓሊ። ምንም።»

ዓሊ እንደ ሁልጊዜው አንድ ትልቅ ቃል ፈለገ፤ አንድም አልመጣለትም። ኦጅዋክ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከፊታቸው የቡሬ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ቆሟል። ዓሊ ፍጥነቱን ቀንሶ እንደ እንቁላል ጫኝ ነዳ። የመጀመሪያው ጥምዝ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፤ ሪድዋና ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አትተነፍስም።

«ዓሊ፣ መኪናው ነዘረ?»

«ኧረ ወላሂ አልነዘረም!»

«እንግዲያው እሱ ነው። መታኝ።»

«በኃይል?» አለ ዓሊ።

«ትንሽ።»

ኦጅዋክ ዞር ብሎ «ምን አለች? ምን አለች?» አለው።

ዓሊ በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። «ትንሽ መታኝ አለች» አለው። ትንሽ የምትለዋ ላይ አንዲት ቃል አልጨመረባትም።