ግራ ክርን

የምስራቅ ገላ ሽቶ አይቀበልም ነበር። በብልቃጡ ውስጥ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ያለው ሁሉ እሷ ላይ ሲያርፍ ነጭ ሽንኩርት ይሆናል። አንድ ቅዳሜ ከቢቸና ሞጣ ድረስ ሄደች። ሽቶ ነጋዴዋ ዘሀራ መዳፏንም አንጓዋንም በየዓይነቱ ቀባብታ፣ "ዛሬ አትግዢ፤ ለገላሽ የተስማማውን አይተሽ ትመጫለሽ" አለቻት።

በመልሱ ሚኒባስ እጇን ወደ አፍንጫዋ ስታመላልስ ተሳፋሪው ነገሩን ጠየቀና ማሽተት ጀመረ። ረዳቱ አንጓዋን መረጠ፤ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ለመዳፏ ተከራከረ። ጭቅጭቁ ሲጦፍ አብረዋቸው የተሳፈሩትን የቅኔ መምህር የኔታ ምንይሉን ዳኛ አደረጓቸው። እሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብስበው በጥሞና አሸተቱና፣ "ልጄ፣ ሰሙ ብዙ ነው፤ ወርቁ ግን ግራ ክርንሽ ላይ ነው" ብለው ፈረዱ።

ምስራቅ የክርኗን ሽቶ ልትገዛ እዚያው ወርዳ በሌላ መኪና ወደ ሞጣ ተመለሰች። ዘሀራ ክርኗን አሸተተችና ዓይኗ ፈጠጠ። "እኔኮ እዚህ ጋ ምንም አልቀባሁሽም!"

ምስራቅ እጅጌዋን ስታራግፍ የአሪቲ ቅጠል ዱብ አለ። ለካ መንገዱን ሁሉ ክርኗን ያስደገፈችው ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ አሪቲ የሞላ ዘንቢል ላይ ኖሯል! ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዘሀራ ቅጠሉን አንስታ በሌላኛው ክርኗም አሸችላት፤ ሽንኩርት የሚባል ነገር ድራሹ ጠፋ።

ሰኞ ምስራቅ በሁለቱም እጅጌዋ አሪቲ ሸጉጣ ቢሮ ገባች።

"የፈረንጅ ሽቶ ነው?" አለቻት ጓደኛዋ ጸደንያ፣ አፍንጫዋን አስግጋ።

"የሞጣ ነው" አለች ምስራቅ፣ ኮራ ብላ።